አንድ የይለፍ ቃል በፊርማ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአባ ቁልፍ ጆሮ ግን የሥጋ ዘመድ ሆኖ አረፈው። ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ጫማቸውን አጥልቀው ሳይጨርሱ፣ ልጃቸውና ባሏ ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሚያወሩትን አንዲት ቃል ሳያስቀር ለቅሞ አመጣላቸው። ልጃቸው ነርስ ናት፤ ሹክሹክታዋ ራሱ ስድስት አልጋ ተሻግሮ ይሰማል። «ፍሪጁ ቅዳሜ ይመጣል፤ ያ የብረት ሳጥን ከሳሎኑ ጥግ ካልወጣ የት ላስቀምጠው? ጭንቅላቴ ላይ?» ትላለች። ባሏ መስታወት ቆራጭ ነው፤ ሲናገርም እንደ ሙያው ጥንቃቄ ያበዛል። «ሁለት ሠራተኛ ይዤ መጥቼ አወጣዋለሁ። ለሳቸው የምትነግሪው ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ የለሁበትም» አላት። «ኮምፒውተሩስ?» አለች። «ኢንተርኔት እንኳ የማይገባለት ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?» አላት። ከዚያ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ልጃቸው ስታስብ ሻይ ታማስላለች። በመጨረሻ ፍርዷን ሰጠች፤ «ኢንተርኔት ቢገባለትማ አንድ ነገር ነበር፤ ይቀመጥ እል ነበር። ካልገባለት ግን ቅዳሜ ከነሳጥኑ ይሂድ። ዛሬ ማታ ከሥራ ስመለስ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ።» በሩ ተዘጋ፤ ሁለቱም ወደየሥራቸው ሄዱ። አባ ቁልፍ አንድ እግራቸው ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ምንጣፍ ላይ እንደሆነ ቀሩ።

«በፍሪጅ ልተካ!» አሉ ብቻቸውን።

አባ ቁልፍ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ በእሳቸው ዘመን ከዚያ ግምጃ ቤት ያለ ፊርማ የወጣ ነገር ቢኖር የራሳቸው እስትንፋስ ብቻ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት እሳቸው ዘንድ አይሠራም። ጡረታ ሲወጡ የቆጫቸው አለመብላታቸው ሳይሆን፣ ቁልፎቹን የተረከባቸው ሰውዬ ሳይቆጥር ኪሱ ውስጥ መጨመሩ ነው። ለስንብት መሥሪያ ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ሸለማቸው። የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ስለነበር አስረካቢም እሳቸው፣ ተረካቢም እሳቸው ሆኑ፤ ሁለቱም ቦታ ላይ ፈረሙ፤ ከዚያ ደግሞ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱ ፊርማዎች መመሳሰላቸውን አረጋገጡ።

ቤት ሲገባም ኮምፒውተሩ እንዲሁ ሜዳ ላይ አልተተወም። ብረት ሠሪ ተጠርቶ ከወፍራም ላሜራ ሳጥን ተበየደለት። ከላይ ስክሪኑና መጻፊያው የሚቀመጡበት ሁለት መዝጊያ ያለው ክፍል፣ ከታች ዋናው ማሽን የሚገባበት ሌላ በር፣ በጠቅላላው ሦስት ቁልፍ፤ ሳጥኑም በአራት ብሎን ከግድግዳው ጋር ተጋባ። ከላይ ያለው በሥራ ሰዓት ይከፈታል፤ የታችኛው በር ግን በሥራ ሰዓትም አይከፈትም። ማሽኑ የሚበራው በሩ ላይ በተበሳች ቀዳዳ እርሳስ አስገብቶ በመጫን ነው። «ግምጃ ቤት ክፍት ትቶ ሥራ አይጀመርም» ይላሉ አባ ቁልፍ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። በየቀኑ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ ጥግ ተቀምጠው የቤቱን ዕቃ ዝርዝር ያድሳሉ። ወንበር ስድስት፣ አንዱ የሚወላገድ። ብርጭቆ አሥራ አንድ፤ አሥራ ሁለተኛው የልጃቸው ባል እጅ ላይ የተሰበረ። ከጎኑ በቅንፍ «መስታወት ቆራጭ ሆኖ ሳለ» የሚል ተጽፏል።

ሳቅ ሳቅ ይላል እንጂ ነገሩ ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቱን ወንበር፣ ስንቱን የጽሕፈት መኪና፣ ስንቱን ጎማ «አገልግሎቱን የጨረሰ» ብለው መዝገብ ላይ ጽፈው ወደ ጓሮ አስወጥተዋል። አንድም ቀን እጃቸው ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ዛሬ ግን አንድ እግራቸው በካልሲ እንዳለ ታሰባቸው፤ ያ ጥግ ከተወሰደ እሳቸው በዚህ ቤት ምንድን ናቸው? ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ «እስቲ አባዬ ጠጋ በል» የሚባል። ፈሩ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ፍርሃታቸው እልህ ሆኖ ተነሣ፤ እልህ ደግሞ ምላጭ ያስውጣል። ማታ ልጃቸው አፏን ሳትከፍት ኢንተርኔቱ ገብቶ ይጠብቃታል ብለው ሁለተኛውን ጫማ አጠለቁ።

የኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ጫማ ከሚጠግነው ሰውዬ ጎን ነው። የሱቁ ባለቤት ቀጠን ያለች ሴት ስትሆን የሰፈሩ ሰው ዶክተሯ ይላታል፤ ማሽን ይዞ የመጣውን ሁሉ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመው?» ብላ ስለምትቀበል። አባ ቁልፍንም እንደዚያው ጠየቀቻቸው። «አላመመውም። ኢንተርኔት እንዲገባለት ነው» አሉ። «ዕድሜው ስንት ነው አባባ?» «አሥራ አራት ዓመት ከሰባት ወር።» ዶክተሯ የያዘችውን ብሎን መፍቻ አስቀመጠችና ሳቀች። «እኔ የልጄን እንኳ እንዲህ አላውቅም» አለች። ከመስኮቱ ሥር ካለው ሳጥን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር አወጣች። የድሮ ማሽን በራሱ ዋይፋይ አይቀበልም፣ ይቺን ከኋላው ይሰኩለትና ከሷ ጋር ያለውን ሲዲ ይጭኑለታል፣ ከዚያ ቤት ያለውን ዋይፋይ ራሱ ፈልጎ ያመጣዋል ብላ አስረዳቻቸው።

«ሽቦዋስ?»

«ሽቦ የላትም። ከአየር ላይ ነው የምትቀበለው።»

አባ ቁልፍ ቀና ብለው አየሩን አዩት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼኔ ነው፤ ለሰማይ ላም ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ተጠየቁ። «ሳይፈተሽ ዕቃ አልረከብም» አሉ። ዶክተሯ ከእሳቸው በፊት የነበረውን ደንበኛ አስጠብቃ፣ ያቺን ጥፍር መሳይ ዕቃ በራሷ ማሽን ላይ ሰክታ አሳየቻቸው። ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፤ የሰፈሩም ዋይፋይ ሁሉ በዝርዝር ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። አባ ቁልፍ ዝርዝር ሲያዩ ልባቸው ይረጋል። ከኪሳቸው ማጉያ መነጽር አውጥተው የዕቃዋን ቁጥር ከዚያች ጥፍር ጀርባ አነበቡ፣ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ አደረጉ፣ አመሳከሩ፣ ከፈሉ። የሚጠብቀው ደንበኛ ሦስት ጊዜ ሰዓቱን አይቶ ነበር። «አባባ፣ ችግር ካለ ይደውሉልኝ» ብላ ዶክተሯ ስልክ ቁጥሯን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፈችላቸው።

ቤታቸው ደርሰው የታችኛውን በር ከፈቱ፤ ተንበርክከው፣ ትከሻቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተው፣ ማሽኑ ጀርባ ላይ ጥፍሯን ሰኩ። ሲዲውንም አስገቡ። ተነሥተው የሚለውን እየተከተሉ እሺ፣ እሺ፣ ቀጥል እያሉ ተጫኑ። ብዙም ሳይቆይ ዝርዝሩ ብቅ አለ፤ የጎረቤት ዋይፋይ አራት፣ አምስተኛው «መስታወት ቤት» ይላል። ይህ የራሳቸው ቤት ነው፤ ስሙን ያወጣለት የልጃቸው ባል ነው። ስም ማውጣቱ ሳያንስ ዋይፋዩን የሚረጨውንም ዕቃ በእሱና በሚስቱ መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ሰቅሎታል። አባ ቁልፍ «መስታወት ቤት» የሚለውን ተጫኑት። ማሽኑም በትሕትና የይለፍ ቃል ጠየቃቸው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተነጋግረው አያውቁም። ጠባቸው የትራፓኖ ጠብ ነው። ሙሽራው ወደዚህ ቤት በገባ በሦስተኛው ወር፣ ራሱ ቆርጦ ያመጣውን መስታወት መተላለፊያው ላይ ሊሰቅል ግድግዳ መብሻውን ትራፓኖ ለመናቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው አወጡለት፤ ጫፉ ላይ ከሚገቡት ሦስት መብሻ ፑንታዎች ጋር። ከዚያ የውሰት ደብተራቸውን ከተሰቀለበት ሚስማር አወረዱና ቀኑን፣ የዕቃውን ስም፣ ብዛቱን ጽፈው «እዚህ ጋ ፈርም» አሉት። ልጁ መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ፊቱ ቀላ። «በገዛ ቤቴ ዕቃ ለማንሳት ፈርሜ?» አለ። «ሳይፈረም የሚወጣ የለም» አሉ። ትራፓኖውን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ፤ በማግስቱ የራሱን ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ንግግራቸው ሁሉ በልጃቸው በኩል ያልፋል። ማዕድ ላይ ሦስቱ ብቻ ተቀምጠው እንኳ «ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪው»፣ «ይኸውልዎት በያቸው» ይባባላሉ፤ ጨው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ቃሉ ግን በሷ በኩል ይዞራል።

ስለዚህ አባ ቁልፍ የታችኛውን በር ቆልፈው፣ የላይኛውንም ቆልፈው፣ ለልጃቸው ደወሉ። ከጀርባዋ የሆስፒታል ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል። «አባዬ ቶሎ በል፣ መርፌ ይዣለሁ።» «የዚህን ዋይፋይ ፓስወርድ ባልሽን ጠይቂልኝማ።» «ለምንህ?» «ለሥራ።» «እኔ አላውቀውም፤ እሱ ነው ስልኬ ላይ የሞላልኝ። ራስህ ጠይቀው።» «አንቺ ብትጠይቂልኝ ምን አለበት?» «አይ አባዬ፣ ሁለት ዓመት ፖስተኛ ሆኜ አገለገልኩ፤ ይበቃኛል፣ ጡረታ ወጥቻለሁ» ብላ ዘጋችው። አባ ቁልፍ ስልኩን እያዩ ቆሙ። ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉ፤ ከዚያ መልሰው ለበሱት። ኩራት ራት አይሆንም፤ የሳሎን ጥግም አይሆንም።

የልጃቸው ባል የሚሠራበት መስታወት ቤት አውቶቡስ መቆሚያው ጀርባ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። ግራና ቀኝ መስታወት ተደግፏል፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን ክብ፣ ለፀጉር ቤት የሚሆን ረጅም፣ ለቁም ሣጥን በር የሚሆን ጠባብ። አባ ቁልፍ እግራቸውን ሲያስገቡ አርባ አባ ቁልፎች አብረዋቸው ገቡ። ሁሉም ኮት ለብሰዋል፣ ሁሉም ልመና መጥተዋል። ወደ ቀኝ ዞር ሲሉ ማጅራታቸው ምን ያህል እንደሳሳ አዩ፤ ወደ ግራ ሲዞሩ አንገታቸው በሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ምን ያህል እንደቀጠነ። ሰው ራሱን ከኋላ አይቶ ወደ ጠብ አይሄድም፤ ድምፃቸው ገና ሳይወጣ ለሰለሰ።

የልጃቸው ባል ትልቁ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ በመቁረጫ አልማዙ መስታወት እያሰመረ ነበር። ቀና ሲል መጀመሪያ ያያቸው በመስታወት ውስጥ ነው፤ አልማዙ እጁ ላይ ቆመ። «ምነው? እሷ ደኅና ናት?» አለ ደንግጦ። «ደኅና ናት፣ ደኅና ናት» አሉ አባ ቁልፍ ቶሎ ብለው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ሆነ። ጥግ ላይ መስታወት የሚያጥብ ሠራተኛ ወሬው እንዳያመልጠው ውኃውን ዘጋ።

«ፓስወርድ ፈልጌ ነው» አሉ አባ ቁልፍ በመጨረሻ። «የዋይፋዩን። ለኮምፒውተሬ።»

መስታወት ቆራጩ አልማዙን በቀስታ አስቀመጠ። ፊቱን ላየው ምን እንዳሰበ አይታወቅም፤ ከጀርባው ያለው መስታወት ግን ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አሳበቀበት። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ፣ የደንበኛ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ደብተር ሳበ፣ አዲስ ገጽ ገለጠና ቀስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ሲጨርስ ደብተሩን አዙሮ አቀረበላቸው። ቀኑ አለ፤ «አንድ የይለፍ ቃል» የሚል አለ፤ «ተረካቢ» የሚል አለ፤ ከሥሩ ባዶ መስመር ተሰምሯል።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ» አላቸው።

የሚያጥበው ሠራተኛ ሳቁን በጨርቁ አፈነ። አርባዎቹ አባ ቁልፎች ቀሉ። ዞረው መውጣት ይችሉ ነበር፤ እግራቸውም ያንን አስቦ ነበር። ነገር ግን ዓይናቸው ከወረቀቱ ላይ አልነሣ አለ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ አስቸገራቸው። መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡት። አንዴ ደገሙት። «ይሄ አልተሟላም» አሉ። «ምኑ?» «የሚመለስበት ቀን የት አለ?» መስታወት ቆራጩ ግራ ገባው፤ «ፓስወርድ ይመለሳል እንዴ አባባ?» «አይመለስማ። የማይመለስ ከሆነ አይመለስም ተብሎ ይጻፋል። ባዶ መተው ክልክል ነው፤ ነገ አምጣ የሚል ሰው ይመጣል።» ልጁ እርሳሱን መልሶ ያዘና «አይመለስም» ብሎ ጻፈ። አባ ቁልፍ ፈረሙ፤ ሙሉ ፊርማቸውን፣ ከነሁለቱ ሰረዙ። ያኔ መስታወት ቆራጩ መቻል አቃተው፤ ጠረጴዛውን ተደግፎ ከት ብሎ ሳቀ። አባ ቁልፍም ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ እሳቸው ግን ሳል ነው ብለው አሳለፉት። አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለባትን ቁራጭ ወረቀት የውስጥ ኪሳቸው ከተው፣ ኪሳቸውን ቆልፈው ወጡ።

ቤት ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። የላይኛውን መዝጊያ ከፈቱ፣ እርሳሳቸውን በቀዳዳዋ አስገብተው ማሽኑን አበሩ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ወረቀቷን ዘረጉ። ዝርዝሩ ባዶ ነው። «መስታወት ቤት» የለም፤ የጎረቤትም የለም። ሰማዩ ተሟጦ ያለቀ ይመስላል። ተሰረቀች! አሉ በልባቸው፤ ተንበርክከው የታችኛውን በር ከፈቱ። ጥፍሯ ተሰክታለች፣ መብራቷም ብልጭ ድርግም ትላለች። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፤ ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖ ጠበቃቸው፤ «መስታወት ቤት»ም ከላይ ነው። እፎይ ብለው፣ ግምጃ ቤት ክፍት ትቶ ሥራ አይጀመርምና፣ ጎንበስ ብለው በሩን ቆለፉ። ቀና ሲሉ ዝርዝሩ ባዶ። «ወይ ጉድ!» ከፈቱ፤ አለ። ቆለፉ፤ የለም። እንዲህ እያሉ አምስቴ ተነሡ፣ አምስቴ ተንበረከኩ፤ አንድ ጊዜም ግን ነገሩ ከበሩ ነው ብለው አልጠረጠሩም። የጠረጠሩት ጥፍሯን ነበር፤ ዓይናፋር ናት፣ ሰው ሲያያት ብቻ ነው የምትሠራው አሉ። በስድስተኛው ወገባቸው እምቢ አለና ደረሰኙን ገልብጠው ለዶክተሯ ደወሉ። ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ እየተጠጋ ነው።

«አባባ፣ አሁን ማሽኑ የት ነው ያለው?» አለች ሁሉንም ከሰማች በኋላ።

«በቦታው። ሳጥኑ ውስጥ።»

«የምን ሳጥን? እንጨት?»

«ብረት ነው እንጂ! ወፍራም ላሜራ። ባለ ሦስት ቁልፍ» አሉ፤ ድምፃቸው ላይ ኩራት አለ።

«አባባዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ መጥፎ ወሬ እንደምታረዳ፣ «ኔትወርክ በብረት አያልፍም። እርስዎ በቆለፉ ቁጥር የሚቆልፉት እሱን ነው። ወይ በሩን ክፍት ይተዉት፣ ወይ ማሽኑን ያውጡት።»

አባ ቁልፍ ስልኩን አስቀመጡና ሳጥናቸው ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። አሥራ አራት ዓመት ከሰባት ወር ሌባ እንዳይገባ ጠበቁ፤ የሚመጣ ሌባ አልነበረም። የተከለከለው ታዲያ ዘመድ ነው እንዴ? ይህ ሐሳብ ሲመጣባቸው ደስ አላላቸውም፤ ከወንበሩ ተነሥተው ወጥ ቤት ገብተው ውኃ ጠጡ። የሚያንጠባጥበው አሮጌ ፍሪጅ በር ላይ የአዲሱ ፍሪጅ ወረቀት ተለጥፏል። ቁጥር ሲያዩ ማለፍ አይችሉም፤ አነበቡት። ስፋት ሰባ። ተመልሰው ሜትራቸውን አወጡና ጥጉን ለኩ፤ መቶ አርባ። ሳጥኑ ብቻውን መቶ አሥር ይወስዳል። ሳጥኑ ባይኖር ፍሪጁ ሰባ፣ ኮምፒውተሩ ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ስልሳ ሴንቲ መደርደሪያ ላይ፤ አሥር ይተርፋል። ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ሦስቴም አሥር ተረፈ። ማንም እንዲወጣ አያስፈልግም፤ የሚወጣው ብረቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጡ። ስሙን ጻፉ፤ የብረት ሳጥን፣ አንድ፣ ባለ ሦስት ቁልፍ። ምክንያት በሚለው ፊት ለፊት እርሳሳቸው ቆመ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያላደረገውን ዛሬ አደረገ። «አገልግሎቱን የጨረሰ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ። ማሽኑን እንደ ታመመ ሰው በደረታቸው ታቅፈው አወጡና የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት፤ ስክሪኑን አስከተሉ፣ ሽቦዎቹን ሰካኩ፣ አበሩት። በእርሳስ ሳይሆን በጣታቸው። ዝርዝሩ መጣ። አሥራ ሁለቱን ፊደልና ቁጥር አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በወረቀቷ ላይ ምልክት እያደረጉ አስገቡ። «ተገናኝቷል» አለ ማሽኑ። አባ ቁልፍ ወደ ኋላቸው ተደግፈው ማንም በሌለበት ሳሎን አጨበጨቡ፤ አንዴ ብቻ።

ልጃቸውና ባሏ አብረው ገቡ። ልጃቸው መንገድ ላይ ያጠናችውን ንግግር ፊቷ ላይ ይዛ ነው የመጣችው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «አባዬ፣ እንዳትቆጣ፣ አንድ ነገር ልነግርህ...» ስትል «ፍሪጁ ሰባ ነው» አሏት። «እ?» «ፍሪጁ ሰባ፣ መደርደሪያው ስልሳ። አሥር ይተርፋል።» ወረቀቱን ወደሷ ገፉት። አነበበችው። አጥብቃ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባትና ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ሰምተኸን ነበር» አለች። «ሹክሹክታሽን ማን የማይሰማ አለ?» አሉ። ልትስቅም ልታለቅስም አሰበች መሰለኝ፤ መጨረሻ ላይ የአባቷን እጅ ያዘች፤ እጃቸው ላይ የላሜራ ዝገት ነበር።

መስታወት ቆራጩ ስክሪኑ ላይ አጎንብሷል። «ገባልዎ!» አለ፤ በሚስቱ በኩል ሳይሆን በቀጥታ። «ገባልኝ» አሉ። «መደርደሪያ ከመስታወት ብሠራልዎስ? ወፍራም፣ ጠርዙ የተሞረደ። አቧራም አይዝም።» «መስታወት ሊሸከመው ይችላል?» «እርስዎንም ቢቀመጡበት ይችላል።» ከዚያ ግድግዳውን አየ፣ ፊቱንም አከከ። «ግድግዳው ግን መበሳት አለበት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የኔ ትራፓኖ ከተቃጠለ ዓመት ሆኖታል። ከጎረቤት ሱቅ እየለመንኩ ነው የምሠራው።» ይህን ሚስቱም አታውቅም ነበር፤ ቅንድቧን አነሣች።

አባ ቁልፍ ተነሥተው ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ ትራፓኖው በጨርቁ እንደተጠቀለለ እጃቸው ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ሦስቱ ፑንታዎች ከጎኑ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ደብተር የለም፣ እስክሪብቶ የለም። ልጁ ጠበቀ። እሳቸው ልጃቸው የቀዳችላቸውን ሻይ ሳቡ። «ደብተሩስ?» አለ። «የምን ደብተር?» አሉ ወደ ሻዩ እያዩ።

መስታወት ቆራጩ ትንሽ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ራሱ ሄደና ከመኝታ ቤታቸው በር ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ደብተሩን አወረደው፤ እስክሪብቶው በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። የሁለት ዓመቱ መስመር እዚያው አለ። ቀኑ፤ ትራፓኖ፣ አንድ፣ ከነሦስት ፑንታው፤ ተረካቢ፣ የልጄ ባል። ፊርማው ባዶ ነው። ከሥሩም አንድ መስመር አልተጻፈም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ከአባ ቁልፍ ዕቃ የተዋሰ ሰው የለም። ልጁ ይህን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። አጎንብሶ በባዶዋ ቦታ ላይ ፈረመ፤ ቀኑን ግን አላስተካከለውም።

«ይኸው አባባ፣ ፈርሜያለሁ» ብሎ ደብተሩን አቀረበላቸው። አባ ቁልፍ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ፊርማውን መረመሩ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጣታቸውን እያስከተሉ እስከ መስመሩ ጫፍ ሄዱ፤ የሚመለስበት ቀን ከሚለው ሥር ባዶ ሆኖ አገኙት። እስክሪብቶውን በክሩ ሳቡና ጎንበስ ብለው ጻፉ። ልጃቸው በትከሻቸው ላይ ዘንበል ብላ አነበበችው።

«አይመለስም» ይላል።